ስለ ግራር ዛፍ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር)



አርእስቱን እያንዳንዱ ተናጋሪ ራሱ ይምረጥ በተባለ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ወጣቶች ኀላፊነትና ስለ ሳይንስ እርምጃ ጻፉ። እኔ «ስለ ግራር» ብዬ ወረቀቴን ስመልስ ግን ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዱ ጓደኛዬማ፥ «ስለ ግራር ምን የሚነገር ነገር አለ? ወጋኝ ብለህ መቀመጥ ነው» አለኝ። አልፈረድሁበትም። ግራርን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዘወትር የሚያዩትን ነገር ደግሞ ቆሞ የሚመለከተው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግራርን የምመለከትበት የራሴ ምክንያት አለኝ። ነገር ግን ምክንያቱን ከፊት ባስቀድመው ዛፉን ትታችሁ እኔን ብቻ እንዳታዩ ስለምሰጋ ለጊዜው ላቆየው።

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚሄደውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ሄዳችሁበታል። በበጋ ወራት ሣሩ ደርቆ ምድሩ አመድ በሚመስልበት ጊዜ፥ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ፥ ሰፊ ጃንጥላ የተዘረጋ የሚመስል ዛፍ በሜዳው ላይ እዚህና እዚያ ቆሞ ይታያል። በኦሮምኛ ደደቻ ይባላል። ግራር የሚለው ስም የብዙ ዛፎች ስም ነው፤ ዋጩ አለ፥ ገርቢ አለ፥ ሙጫ የሚሰጠው አለ፥ በደጋ የሚበቅለው ባዝራ ግራር አለ። እኔ ይልቁንም የምናገረው ስለዚህ ስለ ደደቻ ነው፤ ሌሎቹን ግን ነገሩ ሲጠራቸው አነሣቸዋለሁ።

ስለ ስሙ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁና ልለፍ። የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ዕወቁልኝ። የሳይንስ ሊቃውንት የእኛን ግራሮች ለብዙ ዘመን አካሺያ እያሉ ሲጠሩአቸው ኖሩ፤ ቃሉም ሹል ነገር ማለት ከሆነ የግሪክ ቃል የመጣ ነው ይባላል። በ2005 ዓ. ም. በቪየና የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ሊቃውንት ጉባኤ ግን አካሺያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያ ዛፎች ይሁን ብሎ ወሰነ፤ በ2011 ዓ. ም. በሜልቦርን የተደረገውም ጉባኤ ውሳኔውን አጸናው። የአውስትራሊያዎቹ ዓይነታቸው ወደ 1000 ይደርሳልና የእነዚያን ሁሉ ስም ከመለወጥ የእኛዎቹን መለወጥ ቀለለ። ስለዚህ የአፍሪካዎቹ አብዛኞቹ ቫኬሊያና ሴኔጋሊያ በሚባሉ ወገኖች ተከፈሉ፤ ደደቻም ቫኬሊያ ቶርቲሊስ ተባለ። ከአውስትራሊያዎቹ የሚበዙት ደግሞ እሾህ የላቸውም። እሾሃሙ ስሙን ተቀምቶ እሾህ የሌለው ወሰደው ማለት ነው። ፍየሎቻችን ይህን ውሳኔ ገና አልሰሙም።

የደደቻን ቅርንጫፍ ቀርባችሁ ብታዩ እሾሁ ሁለት ዓይነት መሆኑን ታስተውላላችሁ። አንደኛው ነጭና ቀጥ ያለ፥ አንዳንዱም የጣት ያህል ርዝመት ያለው ነው። ሁለተኛው አጭርና እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመመ ነው። ቀጥ ያለው እንስሳው አፉን ሲያስጠጋ ይወጋዋል፤ ቆልማማው ደግሞ አፉን ሲመልስ ይይዘዋል። ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መብቀሉም እንዲያው አይደለም፤ በቅጠሉ መነሻ ግራና ቀኝ የሚወጡት ሁለት ጥቃቅን አካላት ወደ እሾህነት ተለውጠው ነው። ቅጠሉም የደቀቀ ነው፤ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን በቶሎ መጥጠው ይጨርሱት ነበር።

ታዲያ እሾህ እያለው ፍየልና ግመል እንዴት ይበሉታል? እኔ ልጅ ሆኜ እሾሁ ከንቱ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም። እሾህ መብላትን አይከለክልም፤ ያዘገያል እንጂ። ፍየሏ ከንፈሯን እያሾለች፥ ከእሾህ መካከል አንዲት ቅጠል እየመረጠች ስትበላ ጊዜው ይሄዳል፤ ጥቂት ቀምሳ ወደ ሌላው ዛፍ ታልፋለች። ዛፉ ከበላተኞቹ ሁሉ ጋር ለረጅም ዘመን የኖረው በዚህ ማዘግየት ነው። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከእሾህ ሌላ ወታደር ያለው ግራርም አለ። በኬንያ ሜዳ፥ በእኛም አገር በቦረና በኩል፥ ቫኬሊያ ድሬፓኖሎቢየም የሚባል አጠር ያለ ግራር ይበቅላል። ከእሾሆቹ አንዳንዶቹ ሥራቸው እንደ ኳስ ያበጠና ውስጡ ክፍት ነው። በዚህ ውስጥ ጉንዳኖች ይኖራሉ፤ ነፋስ ሲነፍስ ጉንዳኖቹ በበሱት ቀዳዳ ውስጥ እየገባ ያፏጫል። ዛፉ ለጉንዳኖቹ ቤት ይሰጣል፥ ከቅጠሉም ሥር ጣፋጭ ፈሳሽ ያፈልቅላቸዋል። እነርሱም በፋንታቸው ዝሆንም ሆነ ቀጭኔ ቅርንጫፉን ሲነካ እየተንጋጉ ወጥተው አፉንና አፍንጫውን ይነክሳሉ።

በላይኪፒያ ከ1995 ዓ. ም. ጀምሮ አንዳንድ ቦታ በሽቦ ታጥሮ ትልልቅ እንስሳት እንዳይገቡ ተከለከሉ። ዝሆን የለ፥ ቀጭኔ የለ፤ ዛፉ አርፎ ይወፍራል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። እኔም መምህራችን ሲጠይቁን እንዲሁ ብዬ መልሼ ተሳስቻለሁ። ከ10 ዓመት በኋላ ሲታይ፥ ጠላት የሌለበት ዛፍ ለወታደሮቹ የሚሰጠውን ደመወዝ ቀንሶ ተገኘ፤ ያበጡት እሾሆች አነሱ፥ ጣፋጩም ፈሳሽ ጐደለ። ጠባቂዎቹ ጉንዳኖች ሲዳከሙ ሌላ ዓይነት ጉንዳን ቦታቸውን ያዘ፤ ይህ ግን ዛፉን የማይጠብቅ፥ ይልቁንም ግንድ የሚበሳ ጥንዚዛ በቆፈረው ጉድጓድ የሚኖር ነው። በአጥሩ ውስጥ ያሉትም ዛፎች በዝግታ አደጉ፥ አብዝተውም ሞቱ። ይህ በ2008 ዓ. ም. ታትሞ ወጣ። በ2024 ዓ. ም. የታተመ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ከዚያው አገር የባሰ ነገር አሳየ፤ ከውጭ የመጣ ትልቅ ራስ ያለው ጉንዳን የአገሩን ጉንዳኖች ስለ ፈጀ፥ ዝሆኖች ያለ ፍርሃት ዛፉን ሰባበሩት፤ ሜዳው ሲራቆት አንበሳ የሚያደባበት ስላጣ የሚገድለው የሜዳ አህያ ቀነሰ፥ ወደ ጎሽም ፊቱን አዞረ። ከጉንዳን ተነሥቶ አንበሳ ድረስ የሚደርስ ነገር ነው። መካከል ላይ የቆመው ግራሩ ነው።

ወደ ሥሩ ልውረድ። በኒጀር አገር ቴኔሬ በሚባለው በረሓ ውስጥ አንድ ብቻውን የቆመ ግራር ነበረ፤ የደደቻ ወገን ነው። በዙሪያው በብዙ መቶ ኪሎሜትር ሌላ ዛፍ የለም ይባል ነበር፤ ግመል ነጂዎችም የመንገድ ምልክት አድርገውት ስለሚያከብሩት ግመሎቻቸው እንኳ አይቀጥፉትም ነበር። በ1938 እና በ1939 ዓ. ም. መካከል በአጠገቡ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ሥሩ ከ30 ሜትር በላይ ወርዶ ውሃ ላይ መድረሱ ታየ። ያ ዛፍ በ1973 ዓ. ም. በካሚዮን ተገጭቶ ወደቀ። ያ ሁሉ ሜዳ ተዘርግቶ ሳለ አንድ ሹፌር አንዷን ዛፍ አገኛት! ግንዱ ዛሬ በኒያሜ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል፤ በቦታውም ከብረት የተሠራ ምስል ቆሞአል። የብረት ዛፍ ግን ጥላ የለውም።

ሥሩ ውሃ ከመፈለግ ሌላ ሥራም አለው። በሥሩ ላይ ጥቃቅን ዕባጮች ይገኛሉ፤ በውስጣቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ዛፉ ሊጠቀምበት ወደሚችል ምግብ ይለውጡታል። ቅጠሉ ሲረግፍ ይህ ለመሬቱ ይተርፋል። በዚህ ረገድ ገርቢ የሚባለው፥ ሊቃውንቱ ከሌሎቹ ለይተው ፋይደርቢያ አልቢዳ የሚሉት፥ ከሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ልምዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፥ በበጋ ለምልሞ ይታያል። ስለዚህ በሐረርጌ ገበሬዎች ማሽላቸውን ከሥሩ ይዘራሉ፤ እህሉ በሚያድግበት ወራት ፀሐይ አይከለክለውም፥ ከብቶቹም በበጋ ጥላና ፍሬ ያገኛሉ።

የደደቻ ፍሬ እንደ ምንጭር የተጠማዘዘ ዘለላ ሆኖ በበጋ ይረግፋል። ሣር በጠፋበት ጊዜ ፍየሉንና በጉን የሚያቆመው እርሱ ነው። በውስጡ ያለው ዘር ቆዳው እንደ ድንጋይ ጠንካራ ስለ ሆነ ብዙው በፍየል ሆድ አልፎ ሳይፈጭ ይወጣል፤ ቆዳው ስለሚሳሳለትም ከዛፉ በቀጥታ ከተለቀመው ይልቅ መብቀል ይቀናዋል። ዛፉ ሥር ሲቆይ ግን ነቀዝ ይበሳዋል። እንግዲህ ፍየል ቅጠሉን ስትበላ የግራር ጠላት ናት፤ ፍሬውን ስትበላ ዘሪው ናት።

እዚህ ላይ ከሒሳብ ትምህርታችን አንድ ነገር ልዋስ። ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ወለዱን እየበላ ዋናውን ሳይነካ ሊኖር ይችላል። ጥላው፥ ፍሬው፥ የረገፈው ቅጠል፥ ንቦች ከአበባው የሚቀስሙት ማር፥ ለበረት ማጠሪያ የሚመለመለው እሾሃም ቅርንጫፍ፥ ይህ ሁሉ የግራር ወለድ ነው። ሙጫውም እንዲሁ። ሴኔጋሊያ ሴኔጋል ከሚባለው ግራር ቅርፊቱ በበጋ ጥቂት ተላጥቶ ከተተወ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሙጫ እንደ እንባ አንጠባጥቦ ይረጋል። በዚህ ሙጫ ከዓለም የምትበልጠው ሱዳን ናት፤ በለስላሳ መጠጥ፥ በከረሜላ፥ በመድኃኒትና በቀለም ውስጥ ይገባል። አሜሪካ በ1997 ዓ. ም. በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል፥ ያለ እርሱ ለስላሳ መጠጧ እንዳይበላሽ ሙጫውን ከዕገዳው ነጻ አድርጋለች። ሌላውን ሁሉ ከለከሉና የግራርን እንባ ፈለጉ።

ዋናው ገንዘብ ግን ግንዱ ነው። ግንዱ ከባድና ጠንካራ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 ታቦቱ ከምን እንጨት እንዲሠራ እንደ ታዘዘ በጸሎት ቤት ሲነበብ ሁላችንም ሰምተናል፤ ደደቻ ዛሬም በሲና ምድረ በዳ ይበቅላል። ያው ጥንካሬው ነው ለከሰል ያስመረጠው። የባሕር ዛፍ ከሰል ቶሎ ይያያዝና ቶሎ አመድ ይሆናል፤ የግራር ከሰል ግን ረግቶ ይነዳል፥ ረመጡም ይቆያል። የከተማ ገዢ ሁሉ ይህን ያውቃል።

አሁን በመጀመሪያ ያቆየሁትን ምክንያት እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ የአባቴን ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ እርሳቸውም ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጠዋል። «የራሴን ዛፍ ነው የቆረጥሁት፤ ተናገር» ብለውኛል።

እኔ የተወለድሁት በዚያው መንገድ ዳር ከምትገኝ አንዲት መንደር ነው። በደጃችን አንድ ትልቅ ደደቻ ነበረ። አያቴ በርጩማቸውን ይዘው ጥላውን እየተከተሉ ከጥዋት እስከ ማታ ሰፌድ ሲሰፉ ይውሉ ነበር፤ ሰዓቱን የምናውቀው አያቴ ከተቀመጡበት ቦታ ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለዕርቅ የሚቀመጡትም ከሥሩ ነበር። እኔም ፊደል የቆጠርሁት እዚያ ነው። አባቴ በቆሎ ያርሳሉ፤ ዝናም ሲቀር ከሜዳው እንጨት እየቆረጡ ከሰል ያከስሉ ነበር። ያንን አንዱን ዛፍ ግን አይነኩትም ነበር።

8ኛ ክፍል ጨርሼ ወደዚህ ትምህርት ቤት ለመግባት በተፈቀደልኝ ዓመት በቆሎው ሳያፈራ ደረቀ። የደንብ ልብስ፥ ደብተር፥ የቤት ኪራይ፥ ይህ ሁሉ ወጪ መጣ። በሜዳው ላይ የሚረባ ዛፍ አልተረፈም ነበር። አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገሩ ደደቻውን ሲዞሩት ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ምሳራቸውን ሳሉ። አያቴ በርጩማቸውን አንሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ።

አስቀድመን እሾሃሙን ቅርንጫፍ መልምለን ለበረቱ አጥር ከመርነው። ቀጥሎ ግንዱን ቆራርጠን ደረደርነው፥ በሣርና በቅጠል ሸፍነን አፈር አለበስነው፥ ለትንፋሽ ጥቂት ቀዳዳ ትተን እሳት ለኰስነው። ከሰል ማክሰል እንቅልፍ የሚነሣ ሥራ ነው፤ አፈሩ አንድ ቦታ ተደርምሶ ነፋስ ከገባ ሌሊቱን ሁሉም አመድ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ እኔና አባቴ ተራ በተራ ስንጠብቅ አደርን። መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ ነጭና ወፍራም ነው፤ የእንጨቱ ውሃ ነው የሚወጣው። ኋላ እየሳሳ ወደ ሰማያዊነት ሲለወጥ ከሰሉ እንደ ደረሰ ይታወቃል። በዚህ ዓይነት በመሬት ክምር ሲከሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚሆን እንጨት እንደሚጠፋ ኋላ በመጽሐፍ አንብቤአለሁ። ያን ሌሊት ግን ነጩ ጭስ ሲያልቅ በጉጉት ነበር የጠበቅሁት፤ ትምህርት ቤቴ ነበርና።

ስምንት ማዳበሪያ ወጣ። መንገድ ዳር አቁመነው አንድ አይሱዙ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ፥ «የግራር ነው?» አለ። «የግራር ነው» አሉ አባቴ። ሁለት ፍም አንሥቶ እርስ በርሱ አጋጨው፤ እንደ ብረት ጮኸ። ሹፌሩ ፈገግ ብሎ ገንዘቡን ቆጠረ። የዛፉ ዕድሜ ስንት እንደ ሆነ አባቴም አያቴም አያውቁም ነበር፤ አያቴ በሙሽርነታቸው ሲመጡ ትልቅ ሆኖ ነው ያገኙት። የተሸጠው ግን እኔ አንድ ገጽ አንብቤ በማልጨርስበት ጊዜ ውስጥ ነው።

በዚያው በጋ አያቴ በርጩማቸውን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠጉ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን የግድግዳ ጥላ ያልቅና ሰፌዳቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር። የመንደሩ ፍየሎችም ለሁለት በጋ ያህል ፍሬ በሚረግፍበት ወራት በማለዳ እየመጡ ባዶውን መሬት ሲያሸቱ ይውሉ ነበር።

እዚህ ስመዘገብ የአባትህ ሥራ ምንድን ነው በሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት «ነጋዴ» ብዬ ጻፍሁ። በ10ኛ ክፍል የሥነ ሕይወት መምህራችን የግራርን ሥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለው ስለ ዕባጮቹ ሲያስረዱን፥ እኔ በልቤ ስምንቱን ማዳበሪያ እቆጥር ነበር። ያን ትምህርት የተማርሁበት ገንዘብ ከዚያው ሥር የመጣ መሆኑን በክፍሉ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ወላጆቼ ሆይ፥ ይህን የተናገርሁት አባቴን ለመክሰስ አይደለም። ከሰል አክሳዩን መውቀስ ቀላል ነው፤ እጁ ጥቁር ስለ ሆነ በቶሎ ይታወቃል። በአሁኑ ሰዓት ከዚህ አዳራሽ በር ውጪ ለእንግዶች ቡና እየተፈላ ነው፤ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። ከመግባቴ በፊት ጠይቄአለሁ፤ ከሰሉ የግራር ነው። እኔም ከዚያው ቡና እጠጣለሁ። ደደቻን የሚቆርጠው ምሳር ያለው በመንደር ነው፤ የሚስለው ግን የከተማ ምድጃ ነው። እሾሁ ደግሞ ለምሳር አይመችም። ቀድሞ እንዳልኋችሁ እሾህ የሚያዘገይ ነገር ነው፤ ፍየልን ያዘገያል፥ ግመልን ያዘገያል፥ የተራበ ሰውንና የቸኮለ ካሚዮንን ግን አያዘገይም። ከዚያው ሰፈር የሚገኘውን አብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ተመልከቱ፤ 887 ካሬ ኪሎሜትር ስፋት ያለውና የተከለለ ሲሆን፥ የግራር ደኑ በከሰልና በእርሻ ምክንያት እጅግ ተመናምኗል። አትቁረጥ የሚለው ቃል ብቻውን በቆሎው የደረቀበትን ሰው አያበላም።

ከሰል የግድ ይሁን ከተባለ ሌላ እንጨት አይጠፋም። በአፋር ከጥቂት ዓሥርተ ዓመታት በፊት በረሓውን ይከላከላል ተብሎ ከውጭ የገባው ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃም ዛፍ፥ ዛሬ በአዋሽ ሸለቆ ግጦሹንና የአገሩን ግራር እየዋጠ ነው። ከእርሱ ከሰል ማክሰል ተሞክሯል። ያ ዛፍ ቢነድ የሚያለቅስለት የለም፤ ሥራው ግን ሥርዓትና ጠባቂ ይፈልጋል፤ አለዚያ በእርሱ ስም ግራሩም አብሮ ይከስላል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን ያሳረፈው ከዚያችው ብቸኛዋን ዛፍ ካጣችው ከኒጀር የሰማሁት ነገር ነው። በደቡብ ኒጀር፥ በማራዲና በዚንደር፥ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች በእርሻቸው ውስጥ ከቀሩት ጉቶዎች የሚያቈጠቁጠውን ቡቃያ እየነቀሉ መጣል ተዉ፤ ከአንዱ ጉቶ ጥቂት ጠንካራ ግንዶች መርጠው እያስቀሩ ሌላውን ይመለምላሉ። የመለመሉት ለማገዶ ይሆናል፤ የቀረው ያድጋል። ከዛፎቹም ብዙዎቹ ገርቢ ናቸው። በዚህ ዓይነት ያገገመው መሬት ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚደርስ ይገመታል። አብዛኛውን ማንም አልተከለውም፤ ሥሩ ከመሬት ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ወለዱን መብላት ማለት ይህ ነው።

ይህን ባነበብሁበት ክረምት ወደ ቤት ስሄድ የደጃችንን ጉቶ ተመለከትሁት። አቈጥቁጦ ነበር፤ ፍየሎቹ በልተውታል። እንደ ገና አቈጥቁጦ ነበር፤ እንደ ገና በልተውታል። አባቴን አስፈቅጄ ከበረቱ አጥር ካሮጌው እሾህ ጥቂት ቅርንጫፍ ወሰድሁና ዙሪያውን አጠርሁት። ያ እሾህ የዚያው የዛፉ ነበር። ባለፈው ዕረፍት ስለካው ከጉልበቴ ትንሽ አልፎ ነበር። አያቴ መጥተው አዩትና፥ «የእርሱ ጥላ ለእኔ አይደርስም» ብለው ሣቁ፤ የውሃ ማሰሮአቸውን እጣቢ ግን በየማታው እዚያ እንደሚያፈሱ እናቴ ነግራኛለች። አባቴ ዛሬም ዝናም ሲቀር ያከስላሉ። ይህን ደብቄ ብናገር ግማሽ እውነት ይሆንብኛል።

በመጨረሻ አንድ ማስታወቂያ አለኝ። የሥነ ሕይወት ክበባችን አባሎች ከፍየል በረት የለቀምነውን የደደቻ ዘር፥ ቆዳው እንዲለሰልስ በፈላ ውሃ ላይ ጨምረን ሌሊቱን አሳድረን፥ በባዶ የወተት ጣሳ ዘርተነዋል። ግማሹ ያህል በቅሎአል፤ ከቤተ ሙከራው ጀርባ በመደዳ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ቡናችሁን ጠጥታችሁ ስትወጡ፥ ቦታ ያለው ሰው አንድ አንድ ጣሳ ይውሰድ። ከበቀለ በኋላ እስኪጠነክር ድረስ ከፍየል መታጠር አለበት፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ይጠብቃል። ስትወጡ ግን እባካችሁ የጓሮውን በር ዝጉልኝ፤ የዘበኛው ፍየሎች ከትናንት ጀምረው በዚያ በኩል ሲመላለሱ አይቻለሁ፥ የችግኞቹም እሾህ ገና አልጠነከረም።